ዳለቻዋ ወይስ ዝንጉርጉሯ? ሁለቱን የደጋ ዘር ለቃሚ ወፎች መለያ

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ጓሮ ያለው ግቢ ካላችሁ፣ ሁለቱንም ሳታዩ አልቀራችሁም። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው። ሁለቱም ቡናማ ናቸው። ሁለቱም መሬት ላይ ዘለል ዘለል እያሉ ዘር ይለቅማሉ። ብዙ ሰው "ድምቢጥ ናት" ብሎ ያልፋቸዋል። አይፈረድበትም፤ ከሩቅ ሲታዩ ዓይን የሚይዝ ነገር የላቸውም። ጠጋ ብሎ ላያቸው ግን የተለያዩ ወፎች ናቸው። ልዩነታቸውን አንዴ ከያዛችሁት ደግሞ መልሳችሁ ማደናገር ይቸግራችኋል።

የመጀመሪያዋ በሳይንስ ስሟ ክሪታግራ ትሪስትሪያታ ናት። የወፍ መጻሕፍት "ቡናማ ወገብ ዘር በል" እንደማለት ባለ ስም ያውቋታል። ሁለተኛዋ ክሪታግራ ስትሪዮላታ፣ ጭረታሟ ዘር በል ናት። እዚህ ላይ ለአጭሩ የመጀመሪያዋን ዳለቻዋ፣ ሁለተኛዋን ዝንጉርጉሯ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሁለቱም ከድምቢጥ ይልቅ ለካናሪ ይቀርባሉ። አዎ፣ ሰው በጎጆ አስቀምጦ ለዜማዋ ከሚያረባት ቢጫ ካናሪ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ቢጫው ብቻ አልደረሳቸውም።

ለቸኮለ ሰው

ደረቷን እዩ። ደረቷ በጥቁር ቡናማ ጭረት ከተሞላ ዝንጉርጉሯ ናት። ደረቷ ልሙጥ ሆኖ አመድማ ቡናማ ከሆነ ዳለቻዋ ናት። አሥር ጊዜ ብታዩ ዘጠኙን ጊዜ በዚህ ትጨርሳላችሁ። የቀረው ጽሑፍ ለአሥረኛዋ ነው።

ደረት፣ ከዚያ ፊት

ብዙ ጀማሪ ወፍ ሲያይ ከጀርባ ይጀምራል። ጀርባ ነው መጀመሪያ የሚታየው፤ ወፏም ብዙ ጊዜ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትለቅመው። እዚህ ላይ ግን ጀርባ አይረዳችሁም። ዳለቻዋ ከላይ ቡናማ ናት፣ ዝንጉርጉሯም ከላይ ቡናማ ናት። የዝንጉርጉሯ ጀርባ ላይ ጠቆር ያሉ ጭረቶች መኖራቸው እውነት ነው። ግን ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ወይ ወፏ ጥላ ውስጥ ስትገባ ጭረቱ ይጠፋል። ስለዚህ ታገሡ። ትዞራለች።

ስትዞር የዝንጉርጉሯ ደረት ይታወቃል። መደቡ ክሬም ወይም ነጣ ያለ ቡኒ ነው። በላዩ ላይ ከጉሮሮ ሥር ጀምሮ በደረትና በሁለቱ ጎኖች ጥቁር ቡናማ ጭረቶች ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ልጅ በእርሳስ እንደጫጫረው ወረቀት ነው። ጭረቶቹ ደረት ላይ ይወፍራሉ፣ ወደ ሆድ ሲወርዱ ይሳሳሉ፣ የሆዷ መሐል ላይ ከነጭራሹ ይጠፋሉ። ጎኗ ላይ ግን እስከ ጭራዋ ሥር ድረስ ይቀጥላሉ። ወፏ ክንፏን ጠበቅ አድርጋ ከቆመች የጎኑ ጭረት ከክንፉ ሥር ብቅ ብሎ ይታያል። ከጀርባ በኩል ለሚያያት ሰው ይኼ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ዳለቻዋ ይኼ ሁሉ የላትም። ደረቷ ቡኒ የቀላቀለ አመድማ ነው። ወደ ሆዷ ሲወርድ እየነጣ ይሄዳል። በጣም ከቀረባችሁ ደብዘዝ ያለ ጥላ መሰል ነገር ታዩ ይሆናል፤ ጭረት ግን አትሉትም። "ጭረት ነው ወይስ አይደለም?" ብላችሁ መጠየቅ ከጀመራችሁ ዳለቻዋ የመሆኗ ዕድል ይበልጣል። የዝንጉርጉሯ ጭረት አያጠያይቅም።

ከደረት ቀጥሎ ፊት ነው። ሁለቱም ከዓይናቸው በላይ ነጣ ያለ ቅንድብ አላቸው። መጽሐፍ ከፍተው "ነጭ ቅንድብ አላት" የሚለውን ብቻ የሚያነቡ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ነገሩ ቅንድብ መኖር አለመኖሩ አይደለም፤ ስፋቱና ዙሪያው ነው።

የዳለቻዋ ቅንድብ ቀጭን ነው፣ ነጭ ነው፣ ጥርት ያለ ነው። የቀረው ፊቷ ልሙጥ ስለሆነ ያቺ ቀጭን መስመር ብቻዋን ጎልታ ትታያለች። ከመንቁሯ ሥር አገጯ ነጣ ይላል። ጠቅላላ መልኳ ረጋ ያለ፣ ትንሽ የዋህ ነው፤ ይኼ የእኔ አስተያየት ነው፣ መጽሐፍ ላይ አታገኙትም።

የዝንጉርጉሯ ቅንድብ ሰፊ ነው፤ ከነጭ ይልቅ ወደ ክሬም ያደላል። ከሥሩ ጉንጯ ጠቁሯል። ከመንቁሯ ግርጌ ደግሞ ጥቁር የጢም መስመር በጉሮሮዋ ጎን ወደ ታች ይወርዳል። ሰፊ ቅንድብ፣ ጥቁር ጉንጭ፣ ጥቁር ጢም። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የተቆጣች ያስመስሏታል። ከፊት ለፊት ካያችኋት ግንባሯን የጨማደደች ነው የሚመስላችሁ።

እዚህ ላይ ከደረስን ዓይናችሁን ወደ ክንፏ ወርወር አድርጉ። የዝንጉርጉሯ የክንፍ ላባዎች ጠርዝ ላይ አንዳንዴ ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ብልጭታ ይታያል። በየወፏ አይገኝም፣ በየብርሃኑም አይታይም። ካያችሁት ግን ለዳለቻዋ የማይሰጥ ምልክት ነው። የካናሪ ዘመድነታቸውን የምታስታውሰውም እሷው ናት።

መጠንና መንቁር

ዝንጉርጉሯ ከመንቁር እስከ ጭራ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ዳለቻዋ 13 አካባቢ። ሁለት ሴንቲ ሜትር በወረቀት ላይ ትንሽ ነው፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ይታወቃል። ችግሩ ጎን ለጎን የሚቆሙት ሁልጊዜ አለመሆኑ ነው። ብቻዋን የቆመች ወፍ መጠን መገመት ከባድ ነው፤ በተለይ በባይኖኩላር ሲያዩዋት።

መንቁር ይሻላል። የዝንጉርጉሯ ከሥሩ ወፈር ብሎ ጠንካራ ነው። የዳለቻዋ አነስ ያለ ነው፤ ፊቷ ላይ ጎልቶ አይታይም። ሁለቱም ግን አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩበት፤ ሲሠሩበት ማየትም ደስ ይላል። ደርቆ የቆመ አረም ላይ አንዷ ስትወጣ እዩ። ግንዱ ያጎነብሳል። እሷ ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘቅዝቃ ዘሩን ትነቅላለች። ከዚያ ቀና ትልና መንቁሯን ቶሎ ቶሎ ታንቀሳቅሳለች፤ ዘሩን በምላሷ እያገላበጠች በላይኛው መንቁር ውስጥ ባለው ቦይ ላይ ታስደግፈውና በታችኛው ጠርዝ ትሰነጥቀዋለች። ቅርፊቱ በመንቁሯ ግራና ቀኝ እየተራገፈ ይወድቃል። ፍሬው ብቻ ነው የሚዋጠው። ርግብ ዘሩን ከነቅርፊቱ ውጣ ሥራውን ለሆዷ ትተዋለች። እነዚህ ግን አፋቸው ላይ ይጨርሱታል። ከአረሙ ሥር መሬት ላይ ባዶ ቅርፊት ተረጭቶ ካያችሁ ማን እንደነበረ መገመት ትችላላችሁ።

ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡትም በዋናነት በዘር ነው። ወላጅ ዘሩን ጉሮሮዋ ውስጥ ታለሰልስና ለጫጩቷ አፍ ለአፍ ታቀብላለች። ድምቢጥ ለልጆቿ ትል ስታሯሯጥ እነዚህ ብዙውን ጊዜ ዘር ላይ ናቸው።

ጠባይና ቦታ

ብዙ ሰው "ከፍታ ይለያቸዋል?" ይላል። አይለያቸውም። ሁለቱም የደጋና የወይና ደጋ ወፎች ናቸው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሁለቱም አሉ። ባሌ ዲንሾ 3,000 ሜትርን አልፏል፤ ሁለቱም አሉ። እንጦጦ ጫካ ዳርም እንደዚሁ። ስለዚህ "ይኼን ያህል ከፍታ ላይ ያየኋት እሷ ናት" የሚባል ነገር አይሠራም።

የሚሠራው ጠባይ ነው፤ እሱም በከፊል። ዳለቻዋ የሰው ወዳጅ ናት። የግቢ አስፋልት ላይ፣ የካፌ ጠረጴዛ ሥር፣ የሆቴል አትክልት ቦታ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጽድ ሥር ታገኟታላችሁ። ብዙ ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ወይም አነስ ባለ መንጋ ይለቅማሉ። ሰው ሲያልፍ ጥቂት ፈቀቅ ብለው ይመለሳሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ አገር ድምቢጥ የምትሠራውን ሥራ ከድምቢጥ ጋር ተካፍላ ትሠራለች ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዝንጉርጉሯም ሰው አትፈራም። ግን መሸሸጊያ ትወዳለች። የቀጋ ቁጥቋጦ፣ የአጋም አጥር፣ ያልታጨደ የአረም ጥግ፣ የእርሻ ዳር፣ የጫካ ጠርዝ። ከቁጥቋጦ ወጥታ ትለቅምና ወደ ቁጥቋጦዋ ትመለሳለች። ሜዳው መሐል ላይ ረጅም ጊዜ አትቆይም። ትልቅ መንጋ ስትሠራም ብዙ አይታይም፤ አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ የቤተሰብ ቡድን።

እንግዲህ አጥር ሥር ውስጥ ውስጡን የምትሄድ ከሆነ ዝንጉርጉሯን ጠርጥሩ። ሲሚንቶ ላይ የተዝናናች ከሆነ ዳለቻዋን። ጥርጣሬ ግን ፍርድ አይደለም። ደረቷን ሳታዩ አትወስኑ።

በድምፅ ብዙ አልገፋበትም። የዝንጉርጉሯ ዜማ ከፍ ያለ ነው፤ የቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ወጥታ አጫጭር ሐረጎችን እየደጋገመች ታዜማለች። የዳለቻዋ ቀጠን ያለ ጭርጭርታ ነው። ከተማ ውስጥ ከመኪናው ጩኸት ጋር ይህን መለየት ለጀማሪ ከባድ ነው። መጀመሪያ በዓይን ልመዱ፣ ጆሮ ከኋላ ይመጣል።

ነገር የሚወሳሰብባቸው ጊዜያት

አንደኛ፣ ጫጩት። ከጎጆ አዲስ የወጣች የዳለቻዋ ልጅ ደረቷ ላይ ቀጫጭን ጭረት ሊኖራት ይችላል። ይኼኔ ነው ጀማሪ ብቻ ሳይሆን የለመደም ሰው የሚንገዳገደው። መፍትሔው ፊት ነው። የዳለቻዋ ልጅ ጥቁሩ ጉንጭና ጥቁሩ ጢም የላትም፤ ቅንድቧም አይሰፋም። ደግሞ ትንሽ ከጠበቃችሁ ወላጅ ትመጣለች። ልጅ ክንፏን እያርገበገበች ስትለምናት ማን ማንን እንደሚመግብ ታያላችሁ።

ሁለተኛ፣ ክረምት። ዝናብ የመታት ዳለቻ ላባዋ ተጣብቆ ጭረት ጭረት ይሠራል። ደረቷ እውነትም የተጫጫረ ይመስላል። ጥቂት ጠብቁ፤ ላባዋን አራግፋ ታደርቃለች።

ሦስተኛ፣ ስልክ። በስልክ ካሜራ ከሩቅ ጎትታችሁ ያነሳችሁት ፎቶ የሌለ ጭረት ይፈጥራል፣ ያለውንም ያጠፋል። ስልኩ ምስሉን እያለሰለሰ ስለሚያስተካክል ነው። በጠዋት ብርሃን፣ ከጎን በኩል፣ ብዙ ፎቶ አንሱ። እኩለ ቀን ላይ የተነሳ ፎቶ ቅንድቧን በብርሃን ያጥበዋል። ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚወጣው መርሊን የተባለው መተግበሪያ በፎቶ ለመለየት ይረዳል፤ ነፃ ነው። ነገር ግን ፎቶው ደብዛዛ ከሆነ እሱም ይገምታል። ሁለቱንም ስም ደርድሮ ከሰጣችሁ ወደ ደረትና ወደ ጉንጭ ተመለሱ።

ሦስተኛ ወገኖች

ከሁለቱ አንዷ ናት ብላችሁ ስትከራከሩ፣ ወፏ ከሁለቱም ላትሆን ትችላለች። እኔ የማያቸው አብዛኞቹ የተሳሳቱ መለያዎች ሁለቱን ከማምታታት የመጡ አይደሉም። ሌላ ወፍ ከእነሱ ጋር በመቆጠሩ የመጡ ናቸው።

ድምቢጧን በመጀመሪያ እናንሳ። የከተማችን ድምቢጥ ከዳለቻዋ ትበልጣለች። ጭንቅላቷና ደረቷ ግራጫ ነው፣ ወገቧና ትከሻዋ ላይ ቀይ ቡናማ አለ። ቅንድብ የላትም። ቅንድብ የሌላት ግራጫ ወፍ ካያችሁ ዳለቻዋ አይደለችም፣ አለቀ።

ከዝንጉርጉሯ ጋር የሚምታቱት ብዙ ናቸው። የከፉት የቢጫና የቀይ ጳጳስ ወፎች ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ በመራቢያ ወቅት ጥቁር ከቢጫ ወይም ጥቁር ከቀይ ሆነው ሜዳው ላይ ስለሚያንጸባርቁ ማንም ያውቃቸዋል። ሴቶቹ ግን ቡናማ ናቸው፣ ጭረትም አላቸው፣ መንቁራቸውም ወፍራም ነው። ወንዶቹም ከመራቢያ ወቅት ውጭ ሴቶቹን ይመስላሉ። እዚህ ላይ የሚያድናችሁ ጭራ ነው። የካናሪ ቤተሰብ ጭራ ጫፉ ላይ መሐሉ ገባ ያለ፣ ሹካ መሰል ነው። የእነዚያ ጭራ አጠር ያለ ነው፣ ጫፉም ደፈን ያለ ነው። ሌላው መንጋቸው ነው፤ ሣር ሜዳ ላይ ብዙ ሆነው ብድግ ካሉ ዝንጉርጉሯ ናት ማለት ያስቸግራል።

ሜዳ ላይ ጭረታም ደረት ይዛ የምትሮጥ ቀጭን ወፍም አለች። ፒፒት ይሏታል። እግሯን እያፈራረቀች ትራመዳለች፣ ጭራዋን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፣ መንቁሯም ቀጭን ነው። የእኛዎቹ ሁለቱም በሁለት እግራቸው ይዘላሉ እንጂ አይራመዱም። ሲዘልሉ ካያችሁ ፒፒትን ሰርዙ።

ዳለቻዋም መንትያ መሳይ የቅርብ ዘመድ አላት፣ ቢጫ ወገቧ። ቆማ ስትታይ አመድማ ናት፣ በቀላሉ ታሳስታለች። ብድግ ብላ ስትበር ከጭራዋ በላይ ወገቧ ላይ ቢጫ ብልጭ ይላል። የዳለቻዋ ወገብ ቡናማ ነው። ስለዚህ ዳለቻ መሳይ ወፍ ስትነሳ ዓይናችሁን አትንቀሉ፤ የሚፈለገው ያቺ ሰከንድ ናት።

አንኮበር ለሄደ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። እዚያ ገደል አፋፍ ላይ የአንኮበር ሴሪን የምትባል ጭረታም ትንሽ ወፍ አለች። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ናት ያለችው። በሳይንስ ስም የተሰጣት ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ስሙን የሰጣት ጆን አሽ የተባለ እንግሊዛዊ የወፍ ተመራማሪ ነው። ለመጥፋት ተጋላጭ ከሚባሉት ወፎች ተርታ ናት። በኋላ ስሜን ተራራዎች ላይም ተገኝታለች። ዝንጉርጉሯን ለሚያውቅ ሰው የሚለያት ነገር ግልጽ ነው። የአንኮበሯ አነስ ትላለች፣ መንቁሯ ቀጠን ይላል፣ ፊቷ ላይ ያ ሰፊ ቅንድብ የለም። ቦታዋም ሣርማ ገደል ነው፤ መሬት ላይ በቡድን ስትለቅም ትገኛለች። ቁጥቋጦ ውስጥ ያገኛችኋት ሰፊ ቅንድብ ያላት ጭረታም ወፍ አንኮበር ላይም ብትሆን ዝንጉርጉሯ ናት። ብዙ ጎብኚ ከመጓጓት የተነሳ ዝንጉርጉሯን አይቶ "አገኘኋት!" ብሎ ይመለሳል።

የትኛዋን ልፈልግ?

ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ ምርጫው እንደ ፍላጎታችሁ ይወሰናል።

ከውጭ ለሚመጣ ሰው፣ ወይም ዘመድ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ መጥቶ "ወፍ አሳዩኝ" ላላችሁ፣ ያለ ማመንታት ዳለቻዋን አስቀድሙ። ምክንያቱም ይህች ወፍ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የለችም። ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ የሰሜን ሶማሊያ ተራሮች፤ በቃ። ዝንጉርጉሯ ግን ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ጀምራ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳ፣ በብሩንዲ፣ በምሥራቅ ኮንጎና በታንዛኒያ ደጋዎች አለች። ናይሮቢ የሚኖር ሰው ወደ ከተማዋ ደጋማ ዳርቻ ወጣ ቢል ሊያያት ይችላል። ዳለቻዋን ግን እዚያ አያገኛትም።

ነገሩ ትንሽ ያስቃል። ዓለም ዞሮ የሚመጣው ወፍ ተመልካች ዳለቻዋን በዝርዝሩ ላይ ለማስፈር ይጓጓል። የመጀመሪያ ቀኑ ጠዋት የሆቴሉ ግቢ ውስጥ ቁርሱን እየበላ ያገኛታል። እኛ ግን ፍርፋሪ ስትለቅም በእግራችን ገፋ አድርገን እናልፋታለን።

ለጀማሪ የምመርጠው ዝንጉርጉሯን ነው። ምልክቷ ብዙ ነው፣ ጎላ ብሎ ይታያል፣ መጽሐፍ ላይ ካለው ሥዕል ጋር ይገጥማል። እሷን በደንብ ካወቃችሁ ዳለቻዋ "እነዚህ ሁሉ የሌሏት" ሆና በቀላሉ ትወጣላችኋለች። መጀመሪያ ዳለቻዋን ለመያዝ የሞከረ ሰው በየግራጫው ወፍ ይደናገራል።

ለፎቶ ሰው ዳለቻዋ ትቀላለች፣ ምክንያቱም ትቀርባለች። ዝንጉርጉሯ ግን ታምራለች። ደረቅ የአረም ግንድ ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ ጎኗን ሲመታት፣ እያንዳንዱ ጭረት ለብቻው ይነበባል። ትዕግሥት ካላችሁ እሷን ጠብቁ። ካሜራ ይዞ ከመከተል ይልቅ ከምትለቅምበት ቁጥቋጦ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያዋጣል፤ ወደዚያው ትመለሳለችና።

ልጆችን ወፍ ለማስተማርም ዳለቻዋ ትሻላለች። ባይኖኩላር አትጠይቅም። ልጅ ደግሞ ቅንድብ ያላት ወፍ ሲያይ ይስቃል፣ አይረሳትም።

ቦታን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ላይ ከሆናችሁ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልና እንጦጦ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ሊያሳዩአችሁ ይችላሉ። የጫካውን መሐል ትታችሁ ጠርዙን ያዙ፤ ባሕር ዛፉ አልቆ ቁጥቋጦው የሚጀምርበትን። ከከተማ መውጣት የሚችል መናገሻ ሱባ ወይም ደብረ ሊባኖስ ይሂድ። ባሌ ዲንሾ ላይ የብሔራዊ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ ጽዱና ኮሶው መሐል የዝንጉርጉሯን ሰፊ ቅንድብ በቅርብ ማየት ይቻላል። ባይኖኩላር የምትገዙ ከሆነ ስምንት እጥፍ የሚያቀርበው ይበቃል። አሥር እጥፉ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉንም ያንቀጠቅጠዋል፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ለምትሽሎከሎክ ወፍ ደግሞ ጠባብ ነው።

የድሮ መጽሐፍ ለያዙ

እጃችሁ ላይ ቆየት ያለ የወፍ መጽሐፍ ካለ ሁለቱንም ሴሪነስ በሚል የወገን ስም ነው የምታገኟቸው። ተሳስታችሁ አይደለም። ቀደም ሲል ከካናሪ ጋር አንድ ወገን ውስጥ ነበሩ። በኋላ የዘረ መል ጥናት ሲደረግ የአፍሪካዎቹ አብዛኞቹ ለብቻቸው የሚቆሙ ሆነው ተገኙ፣ ክሪታግራ ወደሚባለው ተዛወሩ። ሁለተኛው ስም ግን ከመጨረሻው ድምፅ በስተቀር አልተለወጠም። የድሮው ትሪስትሪያተስ ትሪስትሪያታ ሆነ፣ ስትሪዮላተስም ስትሪዮላታ።

ሁለቱንም ለሳይንስ ያስተዋወቀው አንድ ሰው ነው። ኤድዋርድ ሩፔል፣ የፍራንክፈርት ሰው፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ በስሜንና በጎንደር ተዘዋውሮ ወፍና እንስሳ የሰበሰበ ጀርመናዊ። እ.ኤ.አ. በ1840 ሁለቱንም በዚያው ዓመት ስም ሰጣቸው። የሰበሰባቸው ናሙናዎች ወደ ፍራንክፈርቱ ሴንከንበርግ ሙዚየም ገቡ። ስለዚህ መለየታቸው ያስቸገራችሁ ሰዎች ተጽናኑ፤ ሩፔል እጁ ላይ አስቀምጦ ነው ያወዳደራቸው፣ እናንተ አጥር ላይ ነው የምታዩአቸው።

ወደ ግቢያችሁ ይምጡ ካላችሁ

ይዛችሁ ጎጆ ውስጥ አትክተቷቸው። የዱር ወፍ ናቸው። ቤት ውስጥ የሚዘምር ወፍ የሚፈልግ ከትውልድ ትውልድ በቤት የተረባውን ካናሪ ይግዛ።

ዳለቻዋን ለመሳብ ብዙ አይጠበቅባችሁም። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ሁለት ጣት የማይሞላ ውኃ አድርጋችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡ። በበጋ፣ በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ጊዜ፣ ከዘር ይልቅ ውኃው ይስባታል። ውኃውን በየቀኑ ቀይሩት፣ ሳህኑን እጠቡት፤ የቆሸሸ ውኃ በሽታ ያዛምትባቸዋል። ዘር መስጠት ከፈለጋችሁ ጤፍ ወይም ዳጉሳ በትንሹ በትኑላት። ዳቦ ግን ይቅር።

ለዝንጉርጉሯ የሚያስፈልገው ሌላ ነው፤ ስንፍና። የግቢውን አንድ ጥግ አትጨዱት። አደይ አበባው ረግፎ ዘር ይያዝ፣ አረሙ ይድረቅ፣ የአጥሩ ቁጥቋጦ ከታች አይመልመል። አትክልተኛችሁ ቅር ይለው ይሆናል፣ አስረዱት። እሷ የምትፈልገው ዘር ያለበትን ግንድና ከአጠገቡ ቶሎ የምትገባበትን ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ነው። ሁለቱ ተራርቀው ከሆነ አትመጣም።

ድመት ካላችሁ ግን የውኃውን ሳህን ከቁጥቋጦው ሁለት ሜትር ያህል አርቁት። በጣም ከቀረበ ድመቷ ተደብቃ ትጠብቃለች። በጣም ከራቀ ደግሞ ዝንጉርጉሯ ገላጣውን አቋርጣ አትመጣላችሁም፤ ዳለቻዋ ብቻዋን ትጠጣለች።